የክሊኒክ ቀን ላስቲክ

የክሊኒኩ ሽንት ቤት በር እንደገና ተንኳኳ።

«ሚጣ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ተራችን ደርሷል እኮ።»

«መጣሁ እማዬ» ልትል ነበር ሚጣ። አፏን በሰፊው ከፍታ ሁለት ጣቷን ስለከተተችበት ግን የወጣው ድምፅ ቃል አይመስልም።

የቀኙ ላስቲክ ገብቶላታል። ከላይ የውሻ ክራንቻዋ ላይ ካለችው መንጠቆ ተነስቶ፣ በጉንጯ ውስጥ ተወጥሮ፣ ታች ከኋለኛው ጥርሷ መንጠቆ ላይ አርፏል። አልገባም ብሎ ያስቸገራት የግራው ነው። ጣቶቿ በምራቅ ረጥበው ያዳልጧታል፤ መስተዋቱም ጥግ ጥጉ ተልጦ የሚያሳያት ግማሽ አፏን ብቻ ነው። አንዱ ላስቲክ ተፈናጥሮ ከእጅ መታጠቢያው ጀርባ ገባ። እዚያው ይቅር ብላ ሌላ አወጣች።

ላስቲክ ሲባል ፀጉር የሚታሰርበትን እንዳታስቡ። ይቺ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ክብ ነገር ናት። የጥርስ ሽቦ ያሰረ ልጅ በደንብ ያውቃታል። ሽቦው ጥርሶቹን ቀጥ ያደርጋል፤ ላስቲኳ ደግሞ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ እየጎተተች ታገጣጥማለች። ቀንም ሌሊትም አፍ ውስጥ መዋል አለባት። ሲበላና ጥርስ ሲቦረሽ ትወጣለች፣ በቃ። ሚጣ ግን የምታደርጋት በክሊኒክ ቀን ነው። በክሊኒክ ቀንም ቢሆን ተራዋ ሊደርስ ሲል፣ እዚህ ሽንት ቤት ውስጥ።

የግራውም በመጨረሻ ገባ። አፏን ስትዘጋ መንጋጋዋን ወጥሮ አሳመማት። የለመደ ሰው ብዙም አያመውም፤ ይህንን ዶክተሯ ራሷ ነግራታለች። ሚጣ ነገሩ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። በሩን ስትከፍት እናቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

«ሆድሽን ያምሻል እንዴ? እዚህ በመጣን ቁጥር ሽንት ቤት።»

«ፍርሃት ነው።»

«አይዞሽ የኔ እመቤት» አለችና ራሷን ዳበሰቻት። ሚጣ አንገቷን ደፍታ ቀድማት ሄደች።

የሚጣ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከቤታቸው የፊት ለፊቱ ክፍል ነው፤ የስፌት መኪና፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስተዋትና በመጋረጃ የተከለለች መለኪያ ጥግ አሉት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት ቀን መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበልጣል። ስለዚህ ቤቱንም ሱቁንም ሚጣንም የያዘችው እናትየዋ ናት፤ ሦስቱም እኩል አይደርሳቸውም።

ደንበኛ ልብስ ስታስለካ እናቷ ስፒሎቿን በከንፈሮቿ መሃል ነክሳ ትይዛለች። ብዙ ልብስ ሰፊ እንዲህ ያደርጋል። እሷ ግን የሚወጋ ጨርቅ ሳይኖርም ትይዛቸዋለች። የፊት ጥርሶቿ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡ ናቸው፤ ስፒል አፉ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሳቅ ብሎ የሚያስገድደው የለም። ስፒል በሌለበት ቦታ እጇን ትጠቀማለች። አንድ ነገር ካሳቃት መዳፏ ከሳቋ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል። የሚጣ ጥርስ አድጎ የእሷን መንገድ ሊከተል እንደሆነ ባየች ጊዜ፣ «ይሄ ነገርስ እኔ ላይ ይብቃ» አለችና እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደቻት። ሚጣን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ያ ባልከፋ። የከፋው ማሳየቱ ነው።

«ሚጣ፣ ነይ እስቲ አሳያት» ትላለች እናቷ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር። ሚጣ ከጓዳ ትወጣና ጥርሷን ገልጣ ትቆማለች። ደንበኛዋ አንገቷን አስግጋ ታያለች፣ ያምማል ወይ ትላለች፣ መቼ ነው የሚፈታው ትላለች፤ አንዷማ በጣቷ ነክታው ታውቃለች። እናቷ በዚያ ሰዓት ፊቷ ይበራል። ሚጣ ደግሞ የሱቁ በር ሲንኳኳ ወደ መታጠቢያ ቤት መሮጥ ለመደች።

ትምህርት ቤት «ዚፕ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት የገዛ ጓደኛዋ ቀጮ ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ ዚፕ ቢጎድላት ነው ብላ ቀለደች፣ ክፍሉም ተቀበላት። ሚጣም ችላ አሳለፈችው። ስም ነው፣ አይነክስም።

ላስቲኩን ያስጠላት ሌላ ነገር ነው። ሽቦው በታሰረ ሰሞን፣ በንባብ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ አስነስተው አንድ አንቀጽ እንድታነብ አዘዟት። ጎበዝ አንባቢ ናት፣ ድምፅዋም ጥሩ ነው። አንዱን ረጅም ቃል ልትለው አፏን ከፈት ስታደርግ የቀኙ ላስቲክ ከመንጠቆው አምልጦ ተወረወረ፤ ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ ማጅራት ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ልጁ በእጁ ዳበሰው፣ አነሳው፣ ብርሃን ላይ አድርጎ አገላበጠው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሮ «ይሄ የማነው?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም፤ ምላሽ አላስፈለገም። ሚጣ አገጯ ላይ ምራቅ ይዛ ቆማለች። ክፍሉ በሳቅ አበደ። አንዱ ከኋላ «ዚፑ ተበጠሰ» አለ። መምህሩ እንኳ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ሳምንቱን ሙሉ ሙድ ሲይዙባት ከረሙ። በዚያው ቀን ሚጣ የግራውንም ላስቲክ አወለቀችና አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ የሚሰጣት ፓኬት ሁሉ ሳይከፈት ወደዚያ ካልሲ ነው የሚገባው። አንዷን ብቻ ለክሊኒክ ቀን ከፍታለች።

ዶክተሯ አጠር ያለች፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት።

«ክፈቺ የኔ ቆንጆ።»

መብራቱን አስጠጋች። በትንሿ መስተዋት ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች። «ግጠሚ» አለች። «እንደገና ግጠሚ።» ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ባለፈው ያነሳችውን ፎቶ ተመለከተች፤ ተመልሳ የሚጣን አፍ አየች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«የፊቶቹ ቀጥ ብለዋል፣ ጎበዝ። የላይኛውና የታችኛው ግን አሁንም አይገጥሙም። ካለፈው ምንም ለውጥ የለውም። ላስቲኩን ታደርጊዋለሽ አይደል?»

ሚጣ ራሷን ነቀነቀች።

«ቀንም ማታም?»

ነቀነቀች። አፍ ተከፍቶ እያለ መዋሸት ይቀላል፤ ቃል አይጠይቅም።

ዶክተሯ ወደ እናትየዋ ዞረች። «ቅር አይበልዎት፣ ወላጅን ሁሉ የምጠይቀው ነው። መጀመሪያ ቀን እንዳልኩዎት ማታ ማታ ያዩላታል?»

መጀመሪያ ቀን ያለችውን ሚጣም ታስታውሰዋለች። ሽቦው የኔ ሥራ ነው፣ ላስቲኩ ግን እናንተ ቤት ነው የሚሠራው ብላ ነበር። ብዙ ወላጅ ሽቦው ከታሰረ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ልጅ ግን ልጅ ነው፤ ይረሳል፣ ይሰለቸዋል፣ ያፍራል። ስለዚህ ማታ ማታ አፏን አስከፍተው ይዩላት፤ አይቆጧት፣ አይመርምሯት፣ ማየት ብቻ። እናቷም ያን ቀን «እንዴታ» ብላ ነበር።

«ምን ማለትዎ ነው ዶክተር» አለች እናቷ አሁን። «በየማታው ነው እንጂ። አፏን አስከፍቼ፣ በመብራት። አንድ ቀን አልፎኝ አያውቅም።»

ሚጣ ዓይኗን ከመብራቱ ላይ አንስታ ወደ እናቷ አዞረች። እናቷ አላየቻትም። ማታ ማታ የስፌት መኪናው ሲጮኽ ያመሻል፤ ሚጣ እራቷን በልታ፣ ጥናቷን አጥንታ፣ «ደህና እደሪ እማዬ» ብላ ትገባለች። እናቷም ከመኪናው ላይ ቀና ሳትል «ላስቲክሽን» ትላለች፤ ሚጣም «አድርጌያለሁ» ትላለች። ያ ነው ማየቱ። አንድም ማታ አፍሽን ክፈቺ ብላት አታውቅም።

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። «እንግዲህ ላስቲኩ በትክክል እየተደረገ ካልሠራ መንጋጋዋ እምቢ ብሏል ማለት ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ ያጋጥማል። ያለን ሌላ መንገድ ከላይ ሁለት ጥርስ፣ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ፣ ነቅለን ቦታ መፍጠር ነው።»

«የበሰበሰ አላት እንዴ?»

«የላትም፣ ጤነኞች ናቸው። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምጠይቀው። የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም።»

እናቷ ከወንበሯ ተነሳች። ድምፅዋ ከፍ አለ፤ በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዝም አሉ። «የኔ ልጅ እንደሌሎቹ አይደለችም። ያዘዟትን ታደርጋለች። እኔም ያዘዙኝን አድርጌያለሁ። መጀመሪያውኑ በደንብ ታስሮ ቢሆን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

የዶክተሯ ፊት ቀላ። ልትመልስላት የፈለገችው ነገር ነበር፣ ዋጠችው። «ልክ ሊሆኑ ይችላሉ» አለች በዝግታ። «ሥራዬን እንደገና አየዋለሁ። ለማንኛውም ለመንቀሉ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ እይዛለሁ።» ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተችና አዲስ የላስቲክ ፓኬት ለሚጣ ሰጠቻት። «እስከዚያው አታቋርጪ እሺ? ጎበዝ ነሽ።»

ሚጣ ፓኬቱን ኪሷ ከተተችው። ሦስት ሰው ክፍል ውስጥ አለ፤ ከሦስቱ ያልዋሸችው ዶክተሯ ብቻ ናት፤ የተሰደበችውም እሷ ናት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ቀጮን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት። ቀጮ ስሟ እንደሚለው ቀጭን ናት፣ ምላሷ ግን ከሷ ይወፍራል።

«እና ምን ችግር አለው?» አለች ቀጮ። «በማደንዘዣ ነው እኮ። አጎቴ ስንቱን አስነቅሏል።»

«አጎትሽ ያስነቀለው በስብሶበት ነው። የኔ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ንገሪያታ።»

«ማንን?»

«ዶክተሯን ነዋ። ዶክተር፣ አላደረግኩትም፣ ይቅርታ። አለቀ።»

«እናቴስ? በየማታው አያታለሁ ብላለች እኮ። በመብራት ብላለች። እኔ አላደርገውም ካልኩ እሷ ምን ስታይ ከረመች?»

ቀጮ ልትቀልድ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። «ኧረ ሼም ነው» አለች።

«ለማን?»

«ለሁለታችሁም።» ትንሽ አሰበች። «ቆይ፣ ይሄ ቀላል ነው። እማዬ ስታየኝ አደርጋለሁ፣ መብራት አጥፍታ ስትወጣ አወልቃለሁ በያት። እናትሽ ዋሸች አትባልም። አንቺም ጥርስሽ ይተርፋል።»

«እኔስ ምን እባላለሁ?»

«አንቺማ ያው ጥፋተኛ ነሽ። እሱን ምን ታደርጊዋለሽ» አለች ቀጮ። ደወሉ ሲደወል እጇን ጎተተቻት። «ነይ ዚፕ» አለችና መልሳ ዝም አለች።

ሚጣ ያን ውሸት ለመድኩት እስክትል በልቧ ደጋገመችው። ጥሩ ውሸት ነው፣ ከሁለቱም ወገን ልክክ ይላል። ግን እናቷን አንድ ጊዜ ብቻዋን ልታናግራት ፈለገች። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ሱቁ ገብታ የመቁረጫ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

እናቷ የአንዲት የባንክ ሠራተኛ ቀሚስ ታሳጥራለች። ተንበርክካለች፣ ስፒሎቹ በከንፈሯ መሃል ናቸው። የባንክ ሠራተኛዋ ሚጣን ስታይ ፈገግ አለች። «እንዴት ሆነልሽ ጥርሱ?»

«ዶክተሯ ናት ያላወቀችበት» አለች እናቷ፣ በስፒሎቹ መሃል፣ በአፏ ጥግ። «ጤነኛ ጥርስ ልንቀል ትለኛለች። ልጄ እንደሆነች አንድ ቀን አላጓደለች። እኔም በየማታው ነው የማያት።»

«አይ የዛሬ ሐኪም» አለች የባንክ ሠራተኛዋ።

ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀለለች፣ እየፈታች ጠበቀች። ሴትየዋ ለብሳ ወጣች። እናቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምታዪኝ?»

እናቷ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር አነሳች። ሌላም ክር አነሳች።

«ታዲያ ምን ልበላት?» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። «ልጄን የማየት ጊዜ የለኝም ልበላት? እዚያ ቁጭ ብላ ቀና ብላ ስታየኝ እኮ፣ አፌን የምታየው ነው የመሰለኝ። ይቺ ናት ስለ ጥርስ የምታውቀው የምትለኝ መሰለኝ። አንደበቴ ዝም ብሎ ተናገረ።» እጇ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «ደግሞም ምን ዋሸሁ? አንቺ አድርጌያለሁ ካልሽ አድርገሻል። ባይሽም ባላይሽም ያው ነው። አንቺን አምኜ እኮ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ሚጣ ደስ ባላት። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እማዬ፣ አላደርገውም። ሁለት ቃል ነው። እናቷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መኪናው ተቀምጣለች፣ ቀሚሱን ከመርፌው ስር እያስተካከለች ነው፤ የአንገቷ አጥንት ወጥቶ ይታያል። ይህንን አንገት ዛሬ ከዚህ በላይ ማጎንበስ አልቻለችም። «እሺ እማዬ» ብላ ወጣች። በራሷ እንዲህ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም፤ የንባቡ ቀን እንኳ ከዚህ ቀሎ ታያት።

የቀጠሮው ቀን ሚጣ ሽንት ቤት አልገባችም።

«ዛሬ ፍርሃት የለም?» አለች እናቷ ተራ ሲጠብቁ፣ ልታስቃት ብላ።

«አለ» አለች ሚጣ። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ውስጥ ዕቃዎቹ በጨርቅ ተሸፍነው ተዘጋጅተዋል። ከጨርቁ ጫፍ የጉጠቱ እጀታ ብቅ ብሏል። መርፌው ከጎኑ አለ። ዶክተሯ የዛሬው አነጋገሯ ከወትሮው ቆጠብ ያለ ነው፤ ለእናትየዋ ሰላምታ ሰጥታ ወደ ዕቃዎቿ ዞራለች። «መጀመሪያ ማደንዘዣ ነው፣ ትንሽ ይቆነጥጥሻል። ክፈቺ።» መብራቱን አስጠጋች። ቆመች። «ላስቲኩስ?»

ሚጣ ከተጋደመችበት ተነስታ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ካልሲውን አወጣችና ጨርቁ ላይ ዘረገፈችው። ያልተከፈቱ ፓኬቶች ጉጠቱ ላይ ተከመሩ።

«የሰጡኝ ናቸው» አለች። «ሁሉም። አላደርጋቸውም ነበር። እዚህ ስመጣ ብቻ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማደርገው።»

ሚጣ ወደ እናቷ አላየችም። ዶክተሯ አንዱን ፓኬት አንስታ አገላበጠችው፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ እናትየዋ ሄደ። «ግን እርስዎ በየማታው—»

«እማዬ ስታየኝ አደርጋለሁ» አለች ሚጣ ቶሎ ብላ። «መብራት አጥፍታ ስትወጣ አወልቃለሁ። እሷ አታውቅም። የሷ ጥፋት አይደለም።»

የተለማመደችው ውሸት ሳይደናቀፍ ወጣ። ዶክተሯ አመነቻት፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ሚጣም ቀለል አላት። ጥርሷም ተረፈ፣ እናቷም ተረፈች፣ ከዚህ ወዲያ የፈለጉትን ይበሏት።

ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር አንድ ነገር ተሰማ።

«ምን አሉኝ?» አለች ዶክተሯ።

እናቷ ተነስታ ቆማለች። መዳፏ አፏ ላይ ነው፤ የተናገረችው እዚያው መዳፏ ውስጥ ቀርቷል። ቃሏ እንዲሰማ እጇን ማውረድ ነበረባት። አወረደችው።

«አላያትም» አለች። «አንድም ማታ አይቻት አላውቅም። ልጄ እኔን ልትሸፍን ነው።»

«እማዬ።»

«ተይኝ።» ዓይኗ ዶክተሯ ላይ ነው። የተደረቡት ጥርሶቿ ስትናገር ይታያሉ፤ እሷም እንደሚታዩ ታውቃለች። «ሥራ ይበዛብኛል አልልም። ሥራ የማይበዛበት ማን አለ። አድርጌያለሁ ስትለኝ አምኜ ተውኩት፣ እርስዎ ሲጠይቁኝ ደግሞ አፈርኩ። በዚያ ላይ ሰው እየሰማ ሰደብኩዎት።»

ዶክተሯ ጓንቷን እያወለቀች ወደ መስኮቱ ዞረች። ይቅር ማለቱ ወዲያው አልመጣላትም፤ ለነገሩ ማን ይመጣለታል። «ጤነኛ ጥርስ ልነቅል ነበር» አለች። «ሁለት። እናንተን አምኜ።» ትንሽ ቆይታ መርፌውን ክዳኑን አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው። «ውጭ ተቀመጡ። የሚቀጥለውን ሰው ልይና እጠራችኋለሁ። ላስቲኩን አድርገሽ ጠብቂኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፣ ሦስታችንም።»

መጠበቂያው ክፍል ሞልቷል። ጉንጫቸው ያበጠ ሽማግሌ፣ ስልካቸው ላይ ያጎነበሱ ሁለት ተማሪዎች፣ ትንሽ ልጅ ያቀፈች ሴት። የሚጣ እግር እንደለመደው ወደ ሽንት ቤቱ ወሰዳት። በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው፤ የተላጠው መስተዋት ከዚህ ይታያል። ደፉ ላይ ቆመች። ከዚያ ተመለሰችና ሰዎቹ መሃል ካለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከውስጥ ይዛው የወጣችውን ፓኬት ቀደደች።

እናቷ ወዲያው ተነስታ ፊቷ ቆመች። ቀሚሷን ዘርግታ፣ ቦርሳዋን ከፍ አድርጋ፣ ልጇን ከሰው ዓይን ልትጋርድ። ስንቱን ደንበኛ «ነይ አሳያት» ያለች ሴት።

«እማዬ፣ ተቀመጪ።»

«ሰው ያያል እኮ» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ይየኝ።»

እናቷ ግራ ገብቷት ቆየችና ከጎኗ ተቀመጠች። ሱቅ ውስጥ የምትይዛትን ትንሿን መስተዋት ከቦርሳዋ አወጣችና ዝም ብላ ያዘችላት። ሚጣ አፏን ከፈተች። ከተማሪዎቹ አንዱ ከስልኩ ቀና አለ። ጣቶቿ እንደ ሁልጊዜው ያዳልጧታል። የቀኙ ገባ። የግራውን ስትስበው አመለጣትና ተፈናጥሮ ክፍሉን አቋርጦ ሄደ፤ ከትንሹ ልጅ ጫማ አጠገብ ወደቀ።

ልጁ ከእናቱ ጭን ወርዶ አነሳው። ወደ ብርሃኑ አድርጎ አየው።

«ይሄ የማነው?» አለ።

ተማሪዎቹ ዞሩ። ሽማግሌውም ዞሩ። የሚጣ ጆሮ ጋለ፤ ሙቀቱ እስከ አንገቷ ወረደ።

«የኔ ነው» አለች።

ልጁ አምጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። አመሰገነችው፣ የቆሸሸውን ኪሷ ከተተችና ከፓኬቱ ሌላ አወጣች። በዚህኛው መንጠቆውን አገኘችው። አፏን ዘጋች፤ መንጋጋዋን ወጠራት፣ አመማት።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች እናቷ።

ሚጣ አፏን ከፈተችላት። እናቷ መስተዋቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ቀኙን አየች፤ ከዚያም አገጯን በጣቷ ቀና አድርጋ ግራውን አየች።